ቱቦ ሲወጣ አይወራም

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ

ዛሬ ሦስት ቱቦ አወጣሁ። ሦስቱም በሰላም። የመጨረሻው አንድ ግዙፍ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ ገና ጓንት ሳጠልቅ ጮኸ። አልጀመርኩም እኮ ስለው አፍሮ ሳቀ፣ ሲስቅ ደግሞ የእውነት አመመው። ከደረቱ ቱቦ ሲወጣ "አለቀ?" አለኝ። ሁሉም እንዲሁ ነው የሚለው። ሳምንት ሙሉ ሲፈሩት ይከርሙና በሁለት ሰከንድ ያልቃል።

እኔ እስባለሁ፣ ቋጠሮ የምንለው ነርስ ይቋጥራል። ቱቦው ሲወጣ የቀዳዳውን አፍ የሚዘጋውን ክር ይዞ አጠገቤ ይቆማል። ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲሁ። ትክክለኛ ስሙን ከነርሶቹ ግማሹ አያውቀውም። ዛሬ "እጅሽ ላባ ነው" አለኝ በሰው ፊት። ደስ አለኝ። ለምን አይለኝም?

ስድስት ቁጥር አልጋ ላይ ያሉት አባባ ተራቸው ሐሙስ ነው። ሰባ አንድ ዓመታቸው፣ ሰዓት ሠሪ። ከቀኝ ሳንባቸው የታችኛው ክፍል ወጥቷል፤ ዕጢው ሳይሰራጭ ነው የተገኘላቸው፣ እድለኛ ናቸው። ሲያስሉ ቱቦው የሚፈስበት ጠርሙስ ውስጥ አረፋ አይታይም፣ አየር ማፍሰሱ ቆሟል ማለት ነው። ዛሬ የግድግዳውን ሰዓት አይተው አራት ደቂቃ ወደኋላ ቀርቷል አሉኝ። ሁልጊዜ ለምን እንደማረፍድ አሁን ገባኝ አልኳቸው። እስኪያማቸው ሳቁ።

ጫማዬ ተረከዜን አቆሰለኝ። ሌላ መግዛት አለብኝ።

ኅዳር 5፣ ሐሙስ

እንዴት ብዬ ልጻፈው...

ሁሉም በወጉ ነበር። የሕመም ማስታገሻውን ከግማሽ ሰዓት በፊት ሰጠኋቸው። ሦስት ጊዜ አለማመድኳቸው። በደንብ ይሳቡ፣ ይያዙ፣ ወደ ታች ይግፉ። "ምጥ ነው እንዴ?" አሉኝ። ከሞላ ጎደል አልኳቸው። ሦስቱንም ጊዜ በትክክል ያዙ። በጣም በትክክል። ይኼን መጻፍ አለብኝ፣ ሌላ ቦታ አልተጻፈምና።

ቱቦውን ከቆዳቸው ጋር ያሰረውን ስፌት ቆረጥኩ። ቋጠሮ ክሩን ይዞ ቆመ። ይሳቡ... ይያዙ። ያዙ። መሳብ ስጀምር ግንባራቸው ጭምድድ አለ። አንጀቴን በሉኝ። እጄ እየሳበ አፌ ደግሞ "አይዞዎት አባባ" አለ።

አፌን በቆረጠው።

እሳቸው ጨዋ ሰው ናቸው። አይዞዎት የተባለ ሰው ዝም አይልማ። ሊመልሱልኝ አፋቸውን ከፈቱ፣ ለመናገር ደግሞ አየር ሳቡ። ቱቦው ገና ጫፉ ውስጥ ነበር፣ ጎኑ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ግን ወጥተዋል። ፉስስ የሚል ድምፅ ሰማሁ። አጭር ነው። ቋጠሮ ወዲያው ቋጠረ፣ ቫዝሊን የነካውን ጎዝ ጫንኩበት፣ በፕላስተር ዘጋሁት። ምናልባት ምንም አልገባ ይሆናል አልኩ ለራሴ።

ገብቷል። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ትንፋሽ አጠራቸው፣ የኦክስጅን ቁጥራቸው ወረደ። ራጅ ተነሡ፤ ሳንባው ከደረታቸው ግድግዳ ለቅቆ ተሰብስቧል። ክው አልኩ። ቀዶ ሐኪሙ እዚያው አልጋቸው ላይ አደንዝዞ ሌላ ቱቦ አስገባላቸው። እጅ ይዘው ነበር። የማንን? የእኔን።

ከዚያ ሐኪሙ ምን ተፈጠረ ብሎ ጠየቀ። አፌን ስከፍት ቋጠሮ ቀደመኝ። "ትንፋሻቸውን ለቀቁት" አለ። ውሸት አይደለም... እውነትም አይደለም። ሐኪሙ ራሱን ነቅንቆ በዚህ ዕድሜ ያጋጥማል አለና ካርዱ ላይ ጻፈ። ከትከሻው በላይ አነበብኩት። "ታካሚው ትንፋሽ እንዲይዙ የተሰጣቸውን መመሪያ መከተል አልቻሉም።"

ዝም አልኩ። መናገር በሌለብኝ ሰዓት ተናግሬ፣ መናገር ባለብኝ ሰዓት ዝም።

ኅዳር 6

ደህና አደሩ። ሳንባው እየተዘረጋ ነው። ዋናው የእሳቸው ደህና መሆን ነው፣ ዋናው የእሳቸው ደህና መሆን ነው... ቀኑን ሙሉ እንዲህ ስል ዋልኩ።

ሁለት የሚወጣ ቱቦ ነበረኝ። እጄን አሞኛል ብዬ ለሌላ ነርስ ሰጠሁ። ቋጠሮ አየኝ። ከስድስት ቁጥር ጋር ዓይን ለዓይን እንዳልጋጠም በመስኮቱ በኩል ዞሬ ነው የማልፈው። ትልቅ ሴት!

ኅዳር 7፣ ቅዳሜ

ልጃቸው መጣች። መምህርት ናት፣ ድምጿ እስከ መጨረሻው ወንበር የሚሰማ። አጠገባቸው ቁጭ ብላ "አባዬ፣ ያዝ ሲሉህ ለምን አልያዝክም?" ስትላቸው ኮሪደር ላይ ሆኜ ሰማሁ። ክፋት የለባትም። ፈርታ ነው።

"እንጃ ልጄ" አሏት። "አረጀሁ መሰለኝ።"

ስትወጣ ያዘችኝ። ልታማክረኝ ነው። አባቷ ብቻቸውን ይኖራሉ፣ ከቤታቸው በታች ያለችው የሰዓት ሱቅ ውስጥ ይውላሉ። ከዚህ ሲወጡ እሷ ጋ ልትወስዳቸው፣ ሱቁንም ልትዘጋው አስባለች። ቁልፉን ከጃኬታቸው ኪስ ወስዳለች አስቀድማ። ሦስት ቃል መመሪያ መከተል ያቃተው ሰው ብቻውን ሊኖር ይችላል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። "አንቺ ስንት ሰው ታያለሽ፣ እስኪ ንገሪኝ" አለችኝ።

ምን አልኳት? ከሐኪሙ ጋር ብትነጋገሪ ይሻላል አልኳት። ዓይኔን በጨው አጥቤ።

ኅዳር 8፣ እሑድ

ተረኛ ነበርኩ። ከምሳ በኋላ ክፍሉ ጸጥ ሲል ስድስት ቁጥርን በመስታወቱ አየኋቸው። የእጅ ሰዓታቸውን አውልቀው ሆዳቸው ላይ አስቀምጠዋል። ዓይናቸው እሱ ላይ። አፋቸው ግጥም ብሏል። መጀመሪያ የሆኑት አልገባኝም። ከዚያ አየር ለቀቁና በጣታቸው ቆጠሩ።

እየተለማመዱ ነው።

ገባሁ። ሲኮርጅ እንደተያዘ ተማሪ ሰዓቷን ሊደብቁ ከጀሉ። ከዚያ ተዉትና ትናንት ሃያ ሁለት ሰከንድ እንደያዙ፣ ዛሬ ሃያ ስድስት እንደደረሱ ነገሩኝ። "ሁለተኛ አላሳፍርሽም" አሉኝ። እኔን። እሳቸው እኔን እንዳያሳፍሩ!

ትራሳቸውን አስተካክዬ ወጣሁ። ሌላ ምንም አልነበረም የሚስተካከል።

ቤት ገብቼ ለባሌ ነገርኩት። ቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ሁለታችንም ከቱቦ ነው የምንበላው እያለ ይቀልዳል። ዛሬ አልቀለደም። የሥራ ሳጥኑን እያስተካከለ እስከ መጨረሻው አዳመጠኝና "ለእኔ ምን ትነግሪኛለሽ? ለሰውዬው ንገሪያቸው እንጂ" አለኝ። ለሱ ሁሉም ነገር ቀላል ነው። ያፈሰሰ ቦታ ፈልጎ መዝጋት...

ብትባረሪስ አላለኝም። እኔ ግን አስቤዋለሁ።

ኅዳር 9፣ ሰኞ

ነገርኳቸው።

ከፈረቃ ርክክብ በፊት ሄድኩ፣ ሐሳቤን ሳልቀይር። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ነርስ ወንበር ስባ ከተቀመጠች መጥፎ ዜና እንዳለ ሁሉም በሽተኛ ያውቃል፤ ፊታቸው ተለወጠ። ቶሎ አልኩት። "አባባ፣ እርስዎ ትንፋሽዎን ይዘው ነበር። ያስለቀቅኩዎት እኔ ነኝ። አናገርኩዎት።"

ትራሳቸውን ተደግፈው ቀና አሉ።

"ምን አልሽኝ?"

"አይዞዎት አልኩዎት። ሊመልሱልኝ ሲሉ ነው አየር የገባው።"

አሰቡበት። ሲያስቡ ጭንቅላታቸውን ዘንበል ያደርጋሉ። "ታዲያ ምን ላድርግ?" አሉ በመጨረሻ። "አይዞህ ያለን ሰው ዝም ይሉታል እንዴ?" አሉና ጎናቸውን ደግፈው ሳቁ። እኔም ልስቅ ነበር። እሳቸው ግን በመሃል አቆሙ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

"አራት ቀን... የጨረስኩ መስሎኝ ነበር" አሉ። "እጄ ደህና ነው፣ ዓይኔ ደህና ነው፣ ጭንቅላቴ ግን ሄዷል ብዬ ነበር።"

ይቅርታ አልኩ። ሌላ ምን ይባላል? አልተቆጡኝም። ይቅር ብዬሻለሁም አላሉኝም። ለልጄ ንገሪያት፣ እኔ ብነግራት ሰበብ ይመስላታል አሉኝ። ልክ ናቸው።

ከዚያ ዶክተሮቹ በሽተኛ ሊያዩ ሲዞሩ በሁሉም ፊት ተናገርኩ። ሐኪሙ መነጽሩን አውልቆ ያኔ ለምን አልነገርሽኝም አለኝ። ፈርቼ አልኩት። ካርዱን ገልጦ ከራሱ ጽሑፍ ሥር እርማት ጻፈ። "በማውጣት ወቅት ሠራተኛ ታካሚውን በማናገሩ ትንፋሻቸውን ለቀዋል። መመሪያውን በትክክል ተከትለዋል።" ፈረመበት። እኔም ፈረምኩ።

ኃላፊያችን ቢሮዋ ጠራችኝ። ሃያ ስምንት ዓመት የሠራች፣ ስትቆጣ ድምጿ ዝቅ የሚል ሴት። ያመለጠሽ ቃል ማንንም ያመልጣል፣ የአራት ቀኑ ዝምታ ግን የራስሽ ነው አለችኝ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጠችኝ። ይገባኛል። ከዚያ ወረቀት አውጥታ በትልልቁ ጻፈችና የፋሻ ጋሪው ላይ ለጠፈችው። "ቱቦ ሲወጣ አይወራም።" ለበሽተኛው የሚባል ሁሉ አስቀድሞ ይባላል፣ ሲሳብ ግን አይዞህም ቢሆን፣ በርታም ቢሆን የለም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚባለው ለእኛ ክፍል የተፈጠረ ነው አለች።

ቋጠሮ ምሳ ላይ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። ላድንሽ ብዬ ነበር አለ። አውቃለሁ አልኩት። ምሳችንን አብረን በላን።

ምግብ ጣፈጠኝ። ከሐሙስ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው።

ኅዳር 10

ለልጃቸው ነገርኳት። ቆማ ሰማችኝ። እንደ ተማሪ ከፊቷ ስቆም ስንት ዓመቴ ነው?

ጨርሼ ስጠብቅ "ቁልፉን እኮ ወስጄበታለሁ" አለች። ተናዳለች፣ በእኔም በራሷም። ብትጮህብኝ ይቀለኝ ነበር።

ቆይቼ ሳልፍ አየሁ። ቁልፉ አልጋቸው አጠገብ ባለችው ኮመዲኖ ላይ ነው። እሷ የአባቷን ጥፍር እየቆረጠች ነው። ስለ ሌላ ነገር ነበር የሚያወሩት።

ኅዳር 11

አረፋው ከቆመ ሁለተኛ ቀኑ። የሚወርደው ፈሳሽም ትንሽና የጠራ ነው። ራጁ ጥሩ። ነገ ይወጣል።

ሐኪሙ አልጋቸው አጠገብ ቆሞ ማን ያውጣው ብሎ እኛን ሲጠይቅ መልሱ ከአልጋው መጣ። "እሷ ታውጣው።" እኔ እኮ ስድስት ቀን ቱቦ አልነካሁም አልኩ። እጄ ይንቀጠቀጣል አልኩ። ይኼን ለበሽተኛ ይነግሩታል? አልኩት ግን።

"ጥፋቱ የት ቦታ ላይ እንዳለ ካንቺ በላይ የሚያውቅ አለ?" አሉኝ። "ተበላሽቶ የተስተካከለ ሰዓት ነው እኔ የማምነው።"

ሐኪሙ ትከሻውን ነቀነቀ። ተወሰነ ማለት ነው።

እንዲህ ተስማማን። ሁሉንም አስቀድሜ እነግራቸዋለሁ። ሲያልቅ ትከሻቸውን ሁለት ጊዜ መታ መታ አደርጋለሁ፤ ያኔ ይተነፍሳሉ። እስከዚያ ማንም ትንፍሽ አይልም።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ

እፎይ... እፎይ... እፎይ።

መጀመሪያ እጄ። ስታጠብ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጓንት ሳጠልቅም። ስፌቱን ስቆርጥ ግን ቆመ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ሥራውን ሲያይ ቆመ።

መጋረጃው ተዘጋ። ጽዳት ሠራተኛዋ እንኳ መወልወያዋን ይዛ በር ላይ ድርቅ አለች። ቋጠሮ ክሩን ይዟል። ተናግሬ ጨርሻለሁ። ራሴን ነቀነቅኩ። አባባ ሳቡ፣ ያዙ። ግንባራቸው እንደዚያን ቀን ጭምድድ አለ። እንደዚያን ቀን አንጀቴን በሉኝ። ከንፈሬን ነከስኩ። ሳብኩ። ወጣ። ቋጠሮ ቋጠረ፣ ጎዙን ጫንኩ፣ ፕላስተር አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራቱንም ጎን በመዳፌ ዳሰስኩ። ፉስስ የለም። ምንም ድምፅ የለም። እንዴት ያለ ጸጥታ ነበር! ፕላስተሩን እንደገና ዳሰስኩት። ደስ ብሎኝ ቆሜ አየሁት።

ቀና ስል ቋጠሮ ዓይኑን ያጉረጠርጥብኛል። ቅንድቡን ወደ አባባ ራስ ይወረውራል። ምን ሆነ? ፊታቸውን አየሁ። ቀይ ሥር መስለዋል። ጉንጫቸው ተወጥሯል። አሁንም ይዘዋል! ትከሻቸውን መምታት ረስቼ... ቋጠሮ ደግሞ ወረቀቱን ፈርቶ አይናገርም!

"አባባ ይተንፍሱ!" አልኩ።

ፉፉፉ ብለው ለቀቁት። አየር እስኪያገኙ ጠበቁና "እኔማ ረስተሽኝ ቤትሽ የገባሽ መስሎኝ ነበር" አሉ። ጽዳት ሠራተኛዋ መወልወያዋ ላይ ተደግፋ ስትስቅ ጎንበስ አለች። ቋጠሮም። እኔ ግን ራጁ እስኪነሣ አልሳቅኩም።

በየሩብ ሰዓቱ እየሄድኩ አየኋቸው። የኦክስጅን ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። አንገታቸውና ደረታቸው ላይ ቆዳቸውን ተጫንኩ፣ አየር ከሥሩ ቢኖር ይንኮሻኮሻል። የለም። ከአራት ሰዓት በኋላ ራጅ። ሐኪሙ ጠርቶ አሳየኝ። ሳንባው እስከ ግድግዳው ሞልቷል፣ ጥግ እስከ ጥግ። ምንም ክፍተት የለም።

አንሶላ የሚቀመጥበት ክፍል ገብቼ አለቀስኩ። ከዚያ አፍንጫዬን ጠርጌ ወጣሁ። ሐኪሙ ስምንት ቁጥር ላይ ያለውንስ ማን ያውጣው ሲል እኔ አልኩ። አወጣሁት። ያለ ምንም ችግር። ትከሻውንም መታሁት።

ኅዳር 14

ስድስት ቁጥር ባዶ ነው። ትናንት ቤታቸው ገቡ። እንኳን ባዶ ሆነ።

ልጃቸው ቦርሳ ይዛ ነበር። በር ላይ ስንሰነባበት እጇን ሰጠችኝ። ጨብጣ ትንሽ ቆየች። ከቃል ይሻላል።

አንሶላ ተቀይሯል፣ ጠርሙሱ ተነሥቷል። ከሰዓት በኋላ አዲስ ሰው ይገባል።

ታኅሣሥ 19፣ ቅዳሜ

ጠዋት ሁለት ቱቦ አወጣሁ። ከዚያ የባሌን የቆመ ሰዓት ምክንያት አድርጌ ሱቁ ሄድኩ።

ሱቅ ሲሉኝ የገመትኩት ሌላ ነበር። የቁም ሣጥን የምታህል ናት። ሦስቱም ግድግዳ በሰዓት ተሸፍኗል፣ ሁሉም እኩል ይሄዳሉ። ልጃቸው ጥግ ላይ ተቀምጣ የተማሪ ፈተና ታርማለች። ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ ነው የምታርመው፤ ቤቷ ጫጫታ ነው አለችኝ በኋላ። እሳቸው ወደ ውጭ ዞረው እየሠሩ ነው። አንድ ዓይናቸው ላይ አጉሊ መነጽር ሰክተዋል። በወረንጦ የሰሊጥ ፍሬ የማታህል ብሎን ይዘው ወደ አንዲት የሴት ሰዓት ሆድ እያወረዱ ነው።

ሰላም ልላቸው አፌን ከፈትኩ። ልጃቸው ጣቷን አነሣች። ተውኩት፣ ደጃፉ ላይ ቆምኩ።

ብሎኗ ወረደች። የወረንጦው ጫፍ ንቅንቅ አይልም። ትከሻቸውም አይንቀሳቀስም። ሥራዬ ነውና ዓይኔ ደረታቸው ላይ አረፈ። ደረታቸውም ቆሟል። ትንፋሻቸውን ይዘዋል። ሳላስበው ግድግዳው ላይ ካሉት አንዱን ሰዓት ማየት ጀመርኩ። ሃያ። ሠላሳ። አርባ። አርባ አራት ላይ ብሎኗ ቦታዋን ያዘች፣ በትንሿ መፍቻ አንድ ጊዜ ዞር አደረጓትና አየሩን ቀስ ብለው በአፍንጫቸው ለቀቁት። ከዚያ ቀና ሲሉ አዩኝ። ፊታቸው በራ።

ሁልጊዜ ትንፋሽዎን ይዘው ነው የሚሠሩት ብዬ ጠየቅኳቸው።

"እኔ?" አሉ። "እንጃ። አስቤው አላውቅም።"

"ሁልጊዜ ነው" አለች ልጃቸው ከወረቀቷ ቀና ሳትል። "ከልጅነቴ ጀምሮ። እሱ ትንፋሹን ሲይዝ እኔና እናቴ አንናገርም ነበር።"

ካለች በኋላ እስክሪብቶዋ ቆመ። ቀና ብላ አባቷን አየች። ከዚያ እኔን። ምን እንዳሰበች ገባኝ፣ እኔም እሱኑ እያሰብኩ ነበርና። ሃምሳ ዓመት ትንፋሹን ይዞ እንጀራውን የበላ ሰው ነው... መያዝ አልቻሉም ብለን የጻፍንባቸው፣ እሷም ያመነችው፣ እሳቸውም ያመኑት።

አባባ ግን የባሌን ሰዓት ከፍተው አቧራውን እፍ እያሉ ነበር።